«አላውቅም» ሲሉኝ «እሺ» ያልኳቸው

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ጠረጴዛዬን ላስረክብ ብዬ ባላነቃንቀው ኖሮ የዚህ ጽሑፍ መልክ ሌላ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ በሰላም የተሰናበተች ሴት፣ በድሮ ማሽኖች እየቀለደች፣ አለቆቿን እያማች የምታወጋው ወግ ይሆን ነበር። ቀልዱም ሐሜቱም ሞልቶኛል። ግን ጠረጴዛውን አነቃነቅሁት። ያን ቀን ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል፤ እስካሁንም ከድንጋጤው አልወጣሁም። ስለዚህ ወጉን ትቼ የሆነውን እጽፋለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ውድነሽ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማችን ደብር ሲያገለግሉ የኖሩ ደብተራ ነበሩ። ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነው። አንድ ቀን ሁለት ኮምፒውተሮች መጡልን። የሚያዛቸው ሰው ስላልነበረ የአልጋ ልብስ ለብሰው ስምንት ወር ከረሙ። አቧራ ይገባባቸዋል ተብሎ መስኮት አይከፈትም ነበር፤ እነሱ እንዲተነፍሱ እኛ ታፍነን ሠራን። በኋላ አቶ ደምሌ የሚባሉ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆነው ተመደቡ። ከታይፒስቶቹ አንዷን መርጠው ፕሮግራም መጻፍ ሊያስተምሩ ፈልገው በተራ በተራ ጠሩን።

«ይህን ማሽን ማዘዝ ትችያለሽ?» አሉኝ ተራዬ ሲደርስ።

«ኧረ እኔ አልችልም ጋሼ።»

ውሸቴን ነበር። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ምሳ ሰዓት ላይ እየተደበቅሁ አንብቤ ስድስት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። ግን ከእኔ ቤት የወጣች ልጅ፣ ታላቅ ሰው «ትችያለሽ?» ሲላት «አዎ» ብላ ደረቷን አትነፋም። አቶ ደምሌ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ።

«እሺ፣ አትችይም» አሉኝ። «በይ ቁጭ በይና እንዴት እንደማትችይ አሳዪኝ።»

ወንበር ስበው ሰጡኝና ከክፍሉ ወጡ። ሲመለሱ ከአንድ እስከ መቶ ያለውን ቁጥር የሚደምር ፕሮግራም ጽፌ ጠበቅኋቸው። አዩት። በማግስቱ ወንበሬ ከታይፕ ክፍል ወደ እሳቸው ክፍል ተዛወረ።

አሥራ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። የጻፍኩትን ፕሮግራም በወረቀት ያሳትሙና ከየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያደረጉ፣ ጮክ ብለው፣ እንደ ደብዳቤ ያነቡታል። ስሕተት ያለበት መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አይለወጥም፤ ማስመሪያው ብቻ ከዚያ አይነሳም። እኔ ራሴ እስካየው ድረስ እዚያው ይቆያል፤ አንዳንዴ የሻይ ሰዓት ያልፈናል። የተማሪን ኪቦርድ በጣታቸው ነክተው አያውቁም። አንዱን እጃቸውን በሌላው ላይ ጭነው ይቀመጣሉ። ማሽኑን ስረግመው ከሰሙ «የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ማነው ያዘዘው?» ይሉኛል፤ እኔም አፍሬ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ። አዲስ ሰው በፈተኑ ቁጥር ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ምነው ብዬ ብጠይቃቸው «እኔ ሰዓት ካየሁ እሱ ይቸኩላል» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት አረፉ።

እሳቸውን የተካው አለቃ ሰው የሚቀጥረው በስልክ ነበር። ስልኩ ይጮሃል፤ «እሺ ጌታዬ፣ ይላኩት» ይባላል፤ በማግስቱ የአንዱ ባለሥልጣን የእህት ልጅ መጥቶ የኮምፒውተሩ ማብሪያ የት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ስንት የሚችል ወጣት ማመልከቻውን በፖስታ ይዞ በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ። እንዲያ የተቀጠረ አንድ ልጅ የሁለት ዓመት መረጃ ደምስሶ «ዲስኩ ሞልቶ ነበር እኮ» አለኝ። በንዴት አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ቤት ለመልቀቅ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ያኔ እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቅ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ድርጅት ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። ደመወዙ ደህና ነው፤ የወረቀት ሥራው ከመንግሥት ቤቱም የባሰ ነው፤ ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሥራ አስኪያጇ ሳምራዊት ትባላለች። አዲስ አበባ ያደገች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ያመነችበትን ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ናት። ከጥቂት ዓመት በኋላ አዳዲስ ፕሮግራመሮችን የመፈተኑን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ፤ አብራም አንድ ቅጽ ሰጠችኝ።

ያን ቅጽ ወደድኩት። መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ነው የወደድኩት። አመልካቹ መጀመሪያ ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት፣ ሰዓት እየተቆጠረበት ፈተና ይሠራል። ያለፈ ቢሮ ይጠራል። ስድስት የታተሙ ጥያቄዎችና አንድ ባዶ መሞከሪያ ወረቀት ተሰጥቶት ለአርባ ደቂቃ ብቻውን እንዲያስብ ይተዋል። ከዚያ ፈታኟ ገብታ ስድስቱን ጥያቄ በቃል ትጠይቀዋለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። ፍንጭ መስጠት፣ መጎትጎት ክልክል ነው። ነጥብ የሚያዘው በአፍ ለተነገረ መልስ ብቻ ነው። «አላውቅም» ያለ ዜሮ ተጽፎበት ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ቅጹ ላይ የማን ልጅ ነህ፣ ማን ላከህ የሚል ቦታ የለም። ታላላቅ ሰዎች እየደወሉ ስለ ዘመዶቻቸው ሲያወሩኝ «ቅጹ አይፈቅድም ጌታዬ» እላለሁ። ይህን ማለት እንዴት ያለ ደስታ እንደሚሰጥ የሚያውቀው እኔ የሠራሁበት ቤት የሠራ ሰው ብቻ ነው።

ኅሩይ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቤቱ ሆኖ የሠራውን ፈተና አንድም ሳይስት ጨርሶት ነበር፤ እንዲያ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት ቅርንጫፋችን ውስጥ አልታየም። ሳምራዊት ጠዋት ላይ «እትዬ ውድነሽ፣ ዛሬ አንድ ጉድ ይመጣልዎታል» አለችኝ። ጓጉቼ ጠበቅሁ። የመጣው የሰፋው ኮት የለበሰ፣ ዓይኑን ከወለሉ የማያነሳ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። የዚያው የጎንደር የቁስቋም ሰፈር ልጅ እንደሆነ፣ አባቱም መሪጌታ እንደሆኑ ያኔ አላወቅሁም።

አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ገባሁ። ብድግ አለ፤ «ቁጭ በል» እስክለው ድረስ አልተቀመጠም። መሞከሪያ ወረቀቱን በግንባሩ ደፍቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ ከፊቴ አኖረልኝና እጁን ሰበሰበ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩለት።

«ኧረ እኔ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

ዜሮ ጻፍኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ።

«እሱንም አላውቀውም እትዬ።»

ዜሮ። ሦስተኛው ከስድስቱ የምወደው ጥያቄ ነው፦ በጣም ረጅም የስም ዝርዝር ተሰጥቶህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በማንበብ፣ መጀመሪያ የተደገመውን ስም እንዴት ታገኘዋለህ? ይህን ሳነብ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ከእኔ የሚጠብቅ መሰለኝ። እኔም ከእሱ ጠበቅሁ። «አላውቅም» አለ። እንዲህ እያልን ስድስቱንም ጨረስን፤ ሁሉም ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። አመስግኜ ሳሰናብተው እጅ ነስቶ ወጣ።

ደሜ ፈላ። ቤቱ ሆኖ አንድም ያልሳተ ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ እንዴት ስድስት ዜሮ ያገኛል? ቅጹ ላይ «የቤቱን ፈተና ሌላ ሰው ሳይሠራለት አልቀረም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እንዲህ የተጻፈበትን ሰው ድርጅቱ ዳግመኛ አይቀበለውም፤ ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ብድግ ስል ጠረጴዛዬ እንደ ልማዱ ተንገዳገደ፤ አንደኛው እግሩ አጭር ነበር። ከፊቴ ያለውን ወረቀት አነሳሁና አራት ጊዜ አጥፌ ከእግሩ ሥር ሸጎጥኩት። ባዶ መስሎኝ ነው። ጠረጴዛው ጸና፤ እኔም እዚያው ላይ አራት ዓመት ሠራሁ።

ዘንድሮ የርክክብ ቀን ደረሰና የንብረት ክፍሉ ሰው ጠረጴዛዬን ሊወስድ መጣ። ላግዘው ብዬ ሳነቃንቀው ወረቀቱ ወለሉ ላይ ቀረ። ልጥለው አነሳሁትና፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዘረጋሁት። አንዱ ገጽ ባዶ ነው። ገለበጥኩት። ጥጉ ላይ «ኅሩይ» ይላል። ከዚያ በታች በደቃቅ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ጽሕፈት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የስድስቱም ጥያቄ መልስ ሰፍሯል።

ክው አልኩ። ልቀመጥ ብል ወንበሬ ቀድሞ ተወስዷል፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከቦርሳዬ ማስመሪያ አውጥቼ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩት። አንደኛው ልክ ነው። ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛው እኛ መልስ ብለን ከያዝነው ይሻላል። አምስተኛው ላይ «ይኸው ስሕተት» ብዬ ማስመሪያዬን አቆምኩ። እንዲሳሳት እንዴት እንደተመኘሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ደግሜ ሳየው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የንብረት ክፍሉ ሰው «አመመዎት እንዴ?» ሲለኝ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ ቤት እንግዳ መምህር ሲመጣ ታላቅ ወንድሜን «ይህን ታውቀዋለህ?» ይሉታል። ዓይኑን ሰብሮ «ኧረ አላውቀውም» ይላል። «እስቲ ግድ የለህም» ይባላል። «አላውቀውም የኔታ።» «በል እንጂ።» የሚያዜመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይጥል። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ የሚመልስ ልጅ ቢያውቅም ስድ ይባላል። ኅሩይ ስድስት ጊዜ «አላውቅም» ብሎ፣ ስድስት ጊዜ «በል እንጂ» እስክለው ጠብቆኛል። ጠረጴዛዬ ላይ መልሱን በሁለት እጁ አኑሮልኛል። እኔ፣ የደብተራ ልጅ፣ ያውም ራሴ «አልችልም» ብዬ የተቀጠርኩ ሴት፣ ስድስት ዜሮ ጻፍኩበት። አልበቃ ብሎኝ አጭበርባሪ አልኩት።

ቅጹ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። በማግስቱ ከማመልከቻው ላይ አድራሻውን ወስጄ ቁስቋም ወጣሁ። ሰፈር ውስጥ ጠይቄ ቤቱን አሳዩኝ። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስሜንና የመጣሁበትን ስነግራቸው ጎናቸው ያለውን መደብ በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡኝ።

«ያን ቀን ሲመለስ ‹እንደምን ሆንክ?› አልኩት» አሉ። «‹አላውቅም አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ› አለኝ። ‹ደግመው አልጠየቁህም?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹አልጠየቁኝም አባ› አለኝ። ፈታኟ የቤተ ክህነት ልጅ ናት ሲባል ሰምቼ ነበርና አላመንሁትም። የካህናት ልጅ ምነው ደግማ ሳትጠይቅ ትቀራለች? ልጄን ነው የተጠራጠርሁት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ቆይቶ ደግሞ አጭበርብሯል ብለውታል የሚል ወሬ መጣ። ያደገበት ሰፈር ነው፤ ሲያልፍ ሰው ዝም ይላል። በዚህ ደጅ ቀና ብሎ መሄድ አቃተው። ከሊማሊሞ ማዶ ዛሪማ ክሊኒክ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወረደ። ለንግሥ እንኳ አይመጣም።»

ወሬው ከቢሯችን እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። «ይፍቱኝ መሪጌታ» አልኳቸው፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«እኔ መሪጌታ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም፤ መፍታት አልችልም» አሉኝ። «ሂጂና ለራሱ ንገሪው።»

መንገዱ ክፍት መሆኑን አጠያይቄ ተነሳሁ። ደባርቅ አደርኩ፤ በማግስቱ ሊማሊሞን በሚኒባስ ወርጄ ረፋድ ላይ ዛሪማ ገባሁ። የገበያ ቀን ነበር። ክሊኒኩን አላጣሁትም፤ ከበሩ እስከ መንገዱ ሰልፍ አለ። ኅሩይ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ጎበጥ ብሏል፤ ፊቱ ያው ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ።

«አያ፣ ባለፈው በየትኛው ስምዎ ነው የተመዘገቡት?» አላቸው።

«እንጃ ልጄ። ምነው፣ ስሜ ጠፋ?»

«አልጠፋም። የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ እስቲ። ደብርዎስ የት ነው?»

ነገሩት። ሁለት ቃል ጻፈና ካርዱን ከመደርደሪያው መዞ አወጣው። «ሸጋ ነው፣ ተባረክ» ብለው አለፉ። እኔ ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቷል። የገጠር ሰው አንድ ቀን በቤት ስሙ፣ ሌላ ቀን በመዝገብ ስሙ እየተመዘገበ ካርዱ የሚጠፋበት ችግር ስንት መሥሪያ ቤት እንዳሰቃየ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ያልቻልኩት ነገር ነው። ይኸኛው በክርስትና ስም፣ በደብርና በእናት ስም እያገናኘ ይፈልጋል።

«ይህን ማነው የሠራው?» አልኩት ተራዬ ሲደርስ።

ቀና አለ። አወቀኝ፤ ብድግ ብሎ ቆመ። «ደህና ነዎት እትዬ ውድነሽ» አለኝ። «እንዲያው ሥራ ሲፈታ የተሞካከረ ነው።»

ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅሁት። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቼ ሰጠሁት። በእጥፋቱ ላይ ጣቱን አስኬደ። የት እንደነበረ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ከጠረጴዛ እግር ሥር» ብሎ መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር የማውቀው የነገርኩት እኔ ነኝ።

«ጠረጴዛው ግን ቆመ?» አለኝ።

«ቆመ።»

ትንሽ ፈገግ አለ። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። በደልኩህ አልኩት። የጻፍኩብህን በፊርማዬ እሰርዛለሁ፤ አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ከመውጣቴ በፊት መጥተህ እንደገና ተፈተን አልኩት። ይቅርብኝ አለ። ለመንኩት። እዚህም ለምጃለሁ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስለምነው «እሺ፣ እመጣለሁ» አለኝ። እፎይ ልል ስል ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና ጠየቀኝ።

«የሌሎቹንስ ወረቀት ገልብጠው አይተውታል?»

«የየትኞቹ ሌሎች?»

«ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ ኮምፒውተር ትምህርት የሄድን ብዙ ነን እትዬ። የገጠሮቹም አሉ። እናንተ ዘንድ ተፈትነው ‹አላውቅም ብዬ ወጣሁ› ያሉኝ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ይሁን አይሁን ጠይቄያቸው አላውቅም።»

መሞከሪያ ወረቀቶቹ ነጥብ ስለማይያዝባቸው በየዓመቱ መጨረሻ ይጣላሉ። የሚጥላቸው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም። በካርቶን ሞልቼ፣ ሳላያቸው፣ ለማቃጠያ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። በጉዞዬ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ የበደልኩ መስሎኝ ነበር የተጨነቅሁት።

ጎንደር እንደተመለስኩ ሳምራዊት ዘንድ ገባሁ። የጻፍኩትን መሰረዙን ወዲያው ፈቀደች። «አላውቅም» ቢልሽ ደግመሽ ደግመሽ ጠይቂው ስላት ግን ተቃወመች። «አንዱ ሦስት ጊዜ፣ ሌላው አንድ ጊዜ ከተጠየቀ ፍርዱ የት አለ? እርስዎ አይደሉም እንዴ ይህን ያስተማሩኝ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። «እንግዲያው ሁሉም ሦስት ጊዜ ይጠየቅ» አልኳት። የኅሩይን ወረቀት ከእጄ ወስዳ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይህን በእጁ ይዞ ነው አላውቅም ያለው?» አለች። አዎ አልኳት። ቅጹ ያን ሳምንት ተለወጠ።

ኅሩይ መጣ። የፈተነችው ራሷ ሳምራዊት ናት፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትጠይቀው «አላውቅም» አለ፤ ልማድ በአራት ዓመት አይለቅም። ጉሮሮዋን ጠርጋ «እስቲ ግድ የለህም፣ ሞክረው» አለችው፤ እንዲህ ማለት አፏ አልለመደም፤ ልክ ግን ነበረች። መለሰ። ሌሎቹንም መለሰ። ዛሬ አራዳ ያለው ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ አባቱ ለንግሥ አብረን ወጣን ብለው ነግረውኛል። ደስ ብሎኛል። የጠየቀኝ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

ወረቀቶቹ ቢቃጠሉም ስምና ነጥብ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ከስድስቱ ስድስቱንም ዜሮ ያገኙትን ፈለግሁ። አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ስልካቸው አይሠራም። በመጨረሻው የሥራ ቀኔ፣ የስንብት ኬኩ ሲቆረጥ ጠብቄ፣ ለቀሩት መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት አሁን ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስጠይቀው ሳቀ። «እትዬ ይሙቱ፣ እኔስ እውነቴን ነው፤ የቤቱን ፈተና ጓደኛዬ ነው የሠራልኝ፤ አንዱንም አላውቀውም ነበር» አለኝ። ከዚያ በፊት ሰው አላውቅም ሲለኝ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለተኛዋ ሰብለ የምትባል ናት። ፈትኛት ከጣልኳት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ቅጹ ላይ ከስሟ በቀር የማስታውሰው ነገር የለኝም። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሱቅ ውስጥ ያለች ይመስለኛል፤ ሰው ዋጋ ይጠይቃታል። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ያኔ ከጠየቅኋት አንዱን ታውቀው እንደነበር ጠየቅኋት።

«ኧረ አላውቅም ነበር» አለችኝ።

«እስቲ ግድ የለሽም።»

«አሁን ምን ያደርጋል እትዬ። ስንት ዓመት ያለፈው ነገር።»

«በይ እንጂ፣ እባክሽ።»

ሕፃኑን አንድ ሰው የተቀበላት ይመስለኛል፤ ልቅሶው ራቀ። ከዚያ ጀመረች።

«ሦስተኛው የስሞቹ ነው። ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ አነባለሁ። እያንዳንዱን ስም ሳነብ ጎን ለጎን መዝገብ ውስጥ እከተዋለሁ። ከመክተቴ በፊት ግን ይህ ስም ገብቷል ወይ ብዬ መዝገቡን እጠይቃለሁ። አልገባም ካለኝ ከትቼ አልፋለሁ። ገብቷል ባለኝ ጊዜ እዚያው አቆማለሁ፤ መጀመሪያ የተደገመው እሱ ነው። ወደ ኋላ መመለስ የለብኝም። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ወይም የተደገመ ከሌለ የለም ብዬ እመልሳለሁ።»

ልክ ነበረች። የመጨረሻውን፣ የባዶውን ዝርዝር ነገር፣ ከመቶ አመልካች ሁለቱ እንኳ አያነሱትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ይዛው ኖራለች። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዝም ስላት ጊዜ ደንግጣ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ተሳሳትኩ እንዴ እትዬ?»